ሠላሳ ሰባቱ ስሞች

መቱ ውስጥ የእድር ጡሩምባ ሲነፋ ከወንድይራድ ዘለቀ ጆሮ ቀድሞ የሚሰማው ግራ ጉልበቱ ነው። የስፌት መኪናው ላይ ጎንበስ ብሎ ሳለ ድምፁ ከወንዙ በኩል ሲመጣ፣ መጀመሪያ ጉልበቱን ይጠዘጥዘዋል፤ ቀጥሎ እግሩን ከፔዳሉ ላይ ያነሣል፤ ከዚያ በኋላ ነው "ማን ይሆን?" የሚለው። ጨርቁን በመርፌው እንደተያዘ ይተወዋል። መዝገቡን ከመደርደሪያው ያወርዳል፣ ዝናብ እንዳይነካው በላስቲክ ይጠቀልለዋል፣ ሱቁን ይዘጋል። የወንዝ ማዶ መረዳጃ እድር ጸሐፊ ሆኖ ሃያ አንድ ዓመት ሙሉ እንዲህ ኖረ።

ሙያው ልብስ ሰፊነት ነው። የሰፈሩ ሰው ግን የሚያውቀው በስም ጠሪነቱ ነበር። ሕዝቡ ከቀብር ተመልሶ ድንኳኑ ዙሪያ ሲሰበሰብ፣ አግዳሚ ወንበር ላይ ይወጣና ሁለት መቶ ዐሥራ አራት ስም ይጠራል። የመጣው ግማሹ "አቤት" ይላል፤ ግማሹ በኦሮምኛ "ጅራ" ይላል፤ የመለሰው ስም ላይ ምልክት ይደረጋል፤ የቀረው ባዶውን ይታለፋል። ዝናብ ቢሆንም ይጠራል፤ ጉንፋን ቢይዘውም ይጠራል። የገዛ ወንድሙ በሞተ ጊዜ እንኳ ፊቱን በነጠላው ጫፍ ጠርጎ ተነሥቶ ጠርቷል።

በ1990 ዓ.ም. ሲመርጡት "ለአንድ ዓመት ብቻ" ነበር ያሉት። ላለፉት ስድስት ዓመታት ግን አውርዱኝ እያለ ለመነ። የእድሩ ደንብ ጸሐፊ የሚለወጠው በጠቅላላ ጉባኤ ነው ይላል፤ ጉባኤው የሚቆጠረው ደግሞ ከአባላቱ ግማሹና አንድ ሰው ሲገኙ ነው። መቶ ስምንት ሰው ያስፈልጋል ማለት ነው። ለቀብር ሁሉም ይመጣል፤ ለስብሰባ ግን አንድ ዓመት ሰማንያ፣ አንድ ዓመት ዘጠና ሁለት ይመጣና ይበተናል። በየዓመቱ ግንቦት ወንድይራድ ራሱ በገዛ እጁ ቃለ ጉባኤው ላይ ይጽፋል፦ "ምልዓተ ጉባኤው ስላልተሟላ ነባሩ ኮሚቴ በሥራው ይቀጥላል።" ከዚያ ይፈርማል።

"የገዛ ፍርድህን ራስህ ትጽፋለህ" ትለዋለች ሚስቱ ሸዋርካብሽ፤ "እንዲህ ያለ እስረኛ አይቼ አላውቅም።"

በ2011 ዓ.ም. መጋቢት ላይ ለከተማው እድሮች ሁሉ ደብዳቤ መጣ። ለአባላት ማኅበራት መሪዎች ሙያዊ ሥልጠና ይሰጣል፤ ቦታው ጎሬ ነው፤ መጀመሪያ ሦስት ቀን፣ ከዚያ የሁለት ሳምንት የተግባር ሥራ፣ በመጨረሻ ሁለት ቀን። ሥልጠናውን ጨርሶ የአባላት መዝገቡን ያጠራና ጠቅላላ ጉባኤውን በደንቡ መሠረት ያካሄደ ማኅበር የእውቅና ወረቀት ያገኛል ይላል።

ወንድይራድ ደብዳቤውን ይዞ የእድሩ ዳኛ ሀምዱ ሱቅ ሄደ። ሀምዱ ከሠላሳ ዓመት በፊት ከስልጤ መጥቶ እዚያው የቀረ ባለሱቅ ነው፤ የወንድይራድ እኩያም ወዳጅም ነው።

"አበል አለው?" አለ ሀምዱ፣ ደብዳቤውን ከሚዛኑ አጠገብ አስቀምጦ።

"ሻይና ዳቦ አለው ይላል።"

"እንግዲያው ለአንተ ነው የተጻፈው። እኔ ሱቅ አለኝ።"

"እኔስ ምን አለኝ?"

"አንተማ መዝገብ አለህ።"

ወንድይራድ ሳቀ። በልቡ ግን "በደንቡ መሠረት" የሚለው ቃል ተቀምጦ ነበር። ምናልባት ከዚህ ሸክም የሚወርድበትን መንገድ እዚያ ያስተምሩት ይሆናል። ይህን ለማንም አልተናገረም። ማታ ሲጸልይ ብቻ አንድ ቃል ጨመረበት።

ጎሬ ተራራዋ ላይ ጉም ለብሳ ነበር። በሚኒባስ ሲደርስ ካልሲው ርሶ ነበር። ዝናቡ የሥልጠናውን አዳራሽ ጣሪያ ስለሚያንኳኳ፣ አሠልጣኟ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ታስተምር ነበር። ጃለኔ ትባላለች፤ ከመጨረሻ ልጁ ብዙም የማትበልጥ፣ የዝናብ ካፖርቷን ሳታወልቅ የምትሠራ ወጣት ናት። ከመቱ፣ ከሁሩሙና ከኡካ የመጡ ሃያ ስድስት ሰዎች ነበሩ፤ የእድር ጸሐፊዎች፣ የቡና አምራቾች፣ ማር የሚያመርቱ፣ አንድ የእግር ኳስ ቡድን ኃላፊ።

መጀመሪያ ለሁሉም ትንንሽ ካርድ አደለች። "እኔ ነገ ብቀር" የሚል ተጽፎበታል፤ ቀሪውን ሙሉ አለቻቸው። ማኅበር በአንድ ሰው ጫንቃ ላይ ሲቆም ምን እንደሚሆን ልታሳያቸው ነው። የቡናው ሰው "ፍሬው ይበላሻል" ብሎ ጻፈ። ወንድይራድ ብዙ አሰበና "እተኛለሁ" ብሎ ጻፈ።

አጠገቡ የተቀመጠው ጅራታ፣ ከሁሩሙ የማር አምራቾች ማኅበር የመጣ ረጅም ሰው፣ አንገቱን አስግጎ አነበበው። "ጋሼ፣ ትክክል ነዎት" አለው፤ "እኔም ልለውጥ ነው።"

ቀጥላ ጃለኔ ስንት አባል እንዳላቸው እያንዳንዳቸውን ጠየቀች።

"ሰው ልቁጠር ወይስ ቀፎ?" አለ ጅራታ።

"ሰው ነዋ።"

"ቀፎው ይሻላል። ቀፎ ሲጠሩት ይገኛል።"

ወንድይራድ ተራው ሲደርስ መዝገቡን መክፈት አላስፈለገውም። "ሁለት መቶ ዐሥራ አራት" አለ።

"በሕይወት ያሉት ስንት ናቸው?"

ሰዉ ሳቀ። እሱ ግን አልሳቀም። ጣቱን በመዝገቡ ላይ እያሄደ ቆጠረ፤ ቆጥሮ ሲጨርስ ዝናቡ አባርቶ ነበር። "ሠላሳ ሰባቱ ሞተዋል" አለ።

ጃለኔ ትልቁ ወረቀት ላይ በቀይ ማርከር ጻፈች፦ አባል ማለት በሕይወት ያለ፣ በፈቃዱ የገባ፣ መብትና ግዴታውን የሚያውቅ ሰው ነው። ወንድይራድ ደብተሩ ላይ ገለበጠውና ከሥሩ ሁለት ጊዜ አሰመረበት።

ወደ መቱ ሲመለስ በሚኒባሱ መስኮት ላይ በጣቱ ሒሳቡን ሠራ። ከሁለት መቶ ዐሥራ አራት ሠላሳ ሰባት ሲቀነስ መቶ ሰባ ሰባት። የዚያ ግማሽና አንድ ሰማንያ ዘጠኝ። አምና ዘጠና ሁለት ሰው መጥቶ ነበር። ቁጥሩን መስኮቱ ላይ እንዳለ አየው፤ ጉሙ እየሸፈነው ሲሄድ እንደገና ጻፈው። ስድስት ዓመት ሙሉ ያሰሩት ሙታን ናቸው ማለት ነው። እነሱ ከመዝገቡ ከወጡ እሱም ይወጣል።

በሁለቱ ሳምንት ውስጥ ሥራ ሲቀዘቅዝ እዚያው ሱቁ ውስጥ አዲሱን መዝገብ ጻፈ። እጁ ያምራል፤ መስመር አይስትም። የሟች ስም ላይ ሲደርስ ብዕሩን ያነሣና ወደሚቀጥለው ያልፋል። ሙከሚል ነስሩ ላይ ሲደርስ ግን ቆመ። ሙከሚል ብስክሌት ጠጋኝ ነበረ፤ ከሞተ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። በዚያ እድር ልማድ ባል ሲሞት ስሙ አይሰረዝም፤ ሚስቱ ወይም ልጁ መዋጮውን እየከፈሉ በየቀብሩ ይመጣሉ፤ ስሙ ሲጠራ በእሱ ፈንታ "አለ" ይላሉ። ማን እንዳወጣው የሚያውቅ የለም፤ ደንቡ ላይም አልተጻፈም። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ወንድይራድ "ሙከሚል ነስሩ" ሲል ከሴቶቹ መካከል "አለ" የምትለው ሚስቱ ሱልጣና ናት።

ይህን ያውቃል። ብዕሩን ይዞ ጥቂት ተቀመጠ። "በአዲስ ቅጽ ይገባሉ" አለ ለራሱ፤ "መዝገቡ ከጠራ በኋላ ሁሉም መልክ ይይዛል።" ከዚያ ወደሚቀጥለው ስም አለፈ። የደከመ ሰው የሚያሳርፈውን ነገር ቶሎ ያምናል።

አዲሱን መዝገብ በጨረሰ በሦስተኛው ቀን ጡሩምባ ተነፋ። የሞቱት የያደታ አባት ነበሩ፤ ያደታ በሰፈሩ ጤና ጣቢያ የሚሠራ፣ ሁሉ የሚወደው ሰው ስለሆነ የቀረ አልነበረም። ከቀብር መልስ ወንድይራድ አግዳሚው ላይ ወጣ፤ አዲሱን መዝገብ ገለጠ። ወረቀቱ ነጭ ነው፤ መስመሩ ያምራል። ጥሪው ከወትሮው ቶሎ ሄደለት።

ሙከሚል ይጠራበት የነበረው ቦታ ላይ ሲደርስ፣ ከሴቶቹ መካከል አንዲት ሴት ትንፋሽዋን ስትስብ ሰማ። ሌላ ስም ጠራ። ያ ሰው "ጅራ" አለ። ወንድይራድ ቀና ብሎ አላየም።

ጥሪው ሲያልቅ ሌላ ጊዜ ሰው ይበተናል። ያን ቀን ወደ ሠላሳ የሚሆኑ ሴቶች ከነቆሙበት አልተነቃነቁም። አልተናገሩም፣ አልተቆጡም። ቀሪ ስም ያለ መስሏቸው ይጠብቃሉ። ወንድይራድ መዝገቡን ዘግቶ ከአግዳሚው ሲወርድ ነው አንድ በአንድ መሄድ የጀመሩት። ሀምዱ ጠጋ ብሎ፣ "ምን አደረግህ?" አለው ቀስ ብሎ።

"ሥልጠናው ያለውን።"

"ሥልጠናው እዚህ ሰፈር ኖሮ ያውቃል?"

በማግስቱ ጠዋት ሱልጣና ሱቁ ደጃፍ ላይ ቆመች። ገበያ ላይ ኮረሪማ የምትሸጥ፣ አጠር ያለች፣ ቀጥ ብላ የምትቆም ሴት ናት። ዝናቡ ሻሽዋ ላይ ይንጠባጠባል።

"ጋሼ ወንድይራድ፣ እንዴት አደሩ?"

"እግዚአብሔር ይመስገን። እትዬ ሱልጣና፣ ይግቡ እንጂ፣ ዝናቡ መታዎት።"

"አልገባም። አንድ ነገር ልጠይቅዎት ነው። ትናንት ዓይንዎ ነው ወይስ ምላስዎ?"

"ምኑ?"

"ሙከሚልን የዘለለው።"

መርፌውን ከጨርቁ አወጣ፤ መልሶ ሰካው። "አንዱም አይደለም። አዲስ መዝገብ ነው። የሞቱትን አውጡ ተብለን ነው።"

"ሙከሚል መሞቱን አሁን ነው የሰሙት? የተቀበረ ቀን አግዳሚው ላይ ቆመው ስም የጠሩት እርስዎ አልነበሩም?"

"ነበርኩ።"

"እንግዲያው እሱ ከሞተ ቆይቷል። ‘አለ’ ስል የኖርኩት እኔ ነኝ። ወባ ይዞኝ እየተንቀጠቀጥኩ መጥቻለሁ። ለክርስቲያኑም ለእስላሙም ድንኳን ሥር ውኃ ቀድቻለሁ። አሁን እኔ ስሞት ማን ተብዬ ነው ድንኳን የሚተከልልኝ?"

"በአዲስ ቅጽ ይመዘገባሉ።"

"እንደ አዲስ ገቢ?"

ወንድይራድ የጨርቁን ጠርዝ በጣቱ አስተካከለ።

"አዲስ ገቢ እስከ ሦስት ወር እድሩ አያነሣውም፤ ደንቡን ያነበቡልን እርስዎ ነዎት። ታዲያ በሦስት ወር ውስጥ እንዳልሞት ለማን ላመልክት?"

ይህን ስትል ድምፅዋ ከፍ አላለም። ከመቀነትዋ ትንሽ የኮረሪማ ቋጠሮ ፈትታ እንደ ልማድዋ ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ አስቀመጠች። "ለእትዬ ሸዋርካብሽ ነው" አለችና ሄደች። ብትሰድበው ይሻለው ነበር።

በዚያው እሑድ ቤተ ክርስቲያን ቆሞ ሳለ፣ ካህኑ ያረፉትን በስም እየጠሩ ሲጸልዩ ያባቱ ስም ተጠራ። በየዓመቱ በዚያ ሰሞን ስሙን በብጫቂ ወረቀት ጽፎ ይሰጣል። አባቱ ካረፈ ሠላሳ ዓመት አልፏል፤ ካህናቱ ግን ስሙን አሁንም ይጠሩታል። ወንድይራድ ዐይኑን ወደ መሬት ጣለ። ለራሱ ምሕረት ከመለመኑ በፊት በሱቁ መደርደሪያ ላይ ያለው ነጩ መዝገብ ታየው።

"ምን ሆነሃል?" አለችው ሸዋርካብሽ ቤት ሲገቡ።

"ሠላሳ ሰባት ሰው ሁለተኛ ቀበርኩ።"

"አውጣቸዋ እንግዲህ" አለች፣ ምሳውን እያቀረበች፤ "አንተ ሙታን መቅበር እንጂ ማውጣት አልተማርክም፤ ይኼንንም ተማር።"

ለቀሪው ሁለት ቀን ሥልጠና ጎሬ ሲመለስ ጃለኔ የሁሉንም መዝገብ ሰብስባ አየች። የእሱን ከፍ አድርጋ ለሰዉ አሳየች። ንጹሕ፣ የተሟላ፣ እንደዚህ ያለ ሥራ አይቻለሁ ለማለት ይከብደኛል አለች። አጨበጨቡለት። ወንድይራድ በሁለት እጁ ጠረጴዛውን ተደግፎ ተነሣ።

"ልጄ፣ መዝገቡ ስሕተት ነው።"

"ምኑ ላይ?"

ነገራት። ልማዱን፣ ሴቶቹ "አለ" ማለታቸውን፣ ቆመው መጠበቃቸውን። ጃለኔ ማርከሩን ከድና አዳመጠችው።

"ጥፋቱ የኔም ነው" አለች፤ "በሕይወት ያለ ብዬ ጻፍኩ እንጂ፣ በሟቹ ቦታ የቆመውን ሰው ፈልጉ አላልኩም። እርስዎ ግን ያውቁ ነበር።"

"አውቅ ነበር። ቁጥሩ እንዲያንስልኝ ፈልጌ ነው። ቁጥሩ ካነሰ ጉባኤው ይሞላል፤ ከሞላ እወርዳለሁ።" እጁን ከጠረጴዛው አነሣና፣ "ደክሞኛል ልጄ" አለ።

የእያንዳንዱ እድር ጸሐፊ ጫማውን ያይ ነበር።

"እነዚህ ሴቶች" አለች ጃለኔ፣ "ጠቅላላ ጉባኤ ላይ ይመጣሉ?"

"አይመጡም።"

"ለምን?"

ወንድይራድን ሃያ አንድ ዓመት ሙሉ ይህን ጥያቄ የጠየቀው ሰው የለም። "አንጠራቸውም" አለ፤ "ስብሰባ የወንዶቹ ነው። ስሙ የባልዋ ነዋ።"

"ስለዚህ ለመዋጮና ለቀብር ይቆጠራሉ፤ ለጉባኤ አይጠሩም። ሲጎድል ግን ‘ምልዓተ ጉባኤ አልተሟላም’ ትላላችሁ።"

"የሁሩሙ ማርም እንዲህ ነው" አለ ጅራታ ከኋላ፤ "ቀፎውን የሚጠብቁት ሴቶቹ፣ ስብሰባ የምንቀመጠው እኛ። እኛም እየጎደልን እንበተናለን፤ ምክንያቱን እስከ ዛሬ በዝናቡ ነበር የምናሳብበው።"

በሚኒባሱ መስኮት ላይ ያን ቀን ምንም አልጻፈም።

ከጉባኤው በፊት ስምንት ቀን ቀርቶት ነበር። በጉልበቱ እያነከሰ ሠላሳ ሰባቱን ቤት ዞረ። ሃያ ዘጠኙ ባሎቻቸው የሞቱባቸው ሴቶች ናቸው፤ ስምንቱ የሟች ልጆች። በየቤቱ ይቅርታ ጠየቀ፣ አዲስ ገቢ ተብለው እንደማይቆጠሩ ከኮሚቴው ጋር መስማማቱን ነገራቸው፣ እያንዳንዳቸውን በራሳቸው ስም ጻፈ። ሱልጣና ቤት ሲደርስ፣ "ማን ብዬ ልጻፍ?" አላት።

"ስሜን አያውቁትም?"

"ከነአባትዎ።"

"ሱልጣና ሸምሱ።" የሚጽፈውን ተጠግታ አየችና፣ "እሱስ?" አለች።

ብዕሩን ከወረቀቱ ሳያነሣ ቀጠለበት፦ ሱልጣና ሸምሱ፣ የሙከሚል ነስሩ ቤት። ሌሎቹንም ሁሉ እንዲሁ ጻፈ። መዝገቡ ተመልሶ ሁለት መቶ ዐሥራ አራት ሆነ። መቶ ስምንት ሰው ካልመጣ እንደገና አንድ ዓመት ይጠብቀዋል፤ እንደገና በእጁ ይፈርማል።

የግንቦቱ እሑድ ከሰዓት ዝናብ ነበረ። ጉባኤው የተጠራው በቀበሌው አዳራሽ ነው። ስምንት ሰዓት ላይ ስድሳ ሰው፤ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ዘጠና ሰባት። ከዚያ ቁጥሩ ቆመ። ሀምዱ ሰዓቱን አየ፤ አንዳንዱ ጃንጥላውን ማንሣት ጀመረ።

"ወንድዬ" አለ ሀምዱ ዝቅ ብሎ፣ "ዐሥራ አንድ ሰው ጎድሏል። ያንን ዐረፍተ ነገርህን ጻፈውና እንሂድ። በቃልህ ነው የምታውቀው።"

ወንድይራድ ቃለ ጉባኤውን ገለጠ። "ምልዓተ ጉባኤው" ብሎ ጻፈና ብዕሩን አስቀመጠ። ሴቶቹ አልመጡም። ለምን ይመጣሉ? ሃያ አንድ ዓመት ሳይጠራቸው በስምንት ቀን ልምምጥ ይመጣሉ? አየር ፈልጎ ወደ በሩ ሄደ።

ከአዳራሹ ውጪ፣ በጣሪያው ጠርዝ ሥር፣ ግድግዳውን ተደግፈው ተሰልፈው ቆመዋል። ጫማቸው በቀይ ጭቃ ተለውሷል። መቼም ከቆሙ ቆይተዋል። ሱልጣና መጀመሪያው ላይ ናት።

"እትዬ ሱልጣና፣ ለምን አልገባችሁም?"

"አልተጠራንም" አለች፤ "ስማችን ሲጠራ እንገባለን ብለን ነው።"

እውነትም በዚያ እድር ሴት ከኋላ ቆማ፣ ስም ሲጠራ መልሳ፣ ትሄዳለች እንጂ ወንበር ፈልጋ ገብታ አታውቅም። ወንድይራድ ተመልሶ መዝገቡን አመጣ። በሩ ላይ ቆመ። አግዳሚ አልነበረውም፤ መድረኩም የበሩ ደፍ ነበር።

"ሱልጣና ሸምሱ፣ የሙከሚል ነስሩ ቤት።"

ሱልጣና የጎረቤትዋን ፊት አየች፤ የሌላ ሰው ስም የተጠራ ይመስል። በዚያ እድር ስምዋ ሲጠራ ሰምታ አታውቅማ። ጎረቤትዋ በክርንዋ ነካ አደረገቻት።

"አለሁ" አለችና ደፉን ተሻገረች።

ሃያ አራት ስም ጠራ። ሃያ አራት ሰው ገባ። ከወንዶቹ አንድ ሽማግሌ ተነሥተው ወንበራቸውን ለቀቁ፤ ሌላው ተከተለ። ሀምዱ ቆጥሮ ሲጨርስ መቶ ሃያ አንድ ሆነ።

አጀንዳው ብዙ ነበር፤ ወንድይራድ ግን ከሦስተኛው በስተቀር የሰማው የለም። ሦስተኛው ላይ ሀምዱ ተነሣ። "ጸሐፊያችን አውርዱኝ ካለ ሰባተኛ ዓመቱ ነው። ማን ይተካው?"

እንደ ወትሮው ሁሉም ጫማውን አየ። ወጣቶቹ የተማሩት በቁቤ፣ በኦሮምኛው የላቲን ፊደል ነው፤ የሱን መዝገብ ማንበብ ያቅተናል ይላሉ። ጎልማሶቹ ሥራ አለን ይላሉ። ወንድይራድ አንገቱን ደፋ።

"ስሞቹን እኔ በቃሌ አውቃቸዋለሁ" አለች ሱልጣና።

ሰው ሁሉ ዞረ።

"ዘጠኝ ዓመት ሙከሚል ላይ እስኪደርስ እየጠበቅሁ ሰምቻቸዋለሁ።"

"ማንበብስ?" አለ አንድ ሰው ከጥግ።

"በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ፊደል ቆጥሬያለሁ። መነጽር ካገኘሁ የጋሼ ወንድይራድን እጅ አነባለሁ፤ የጤና ጣቢያውን ወረቀት ነው ማንም የማያነበው።"

ያደታም ከሰዉ ጋር ሳቀ። ሀምዱ መዝገቡን ዘጋና "እስቲ ጀምሪ" አላት። እጅዋን በነጠላዋ ውስጥ አጣምራ ጀመረች። ሳትቸኩል፣ በተራው፣ ማን ከማን ቀጥሎ እንደሆነ ሳትስት ቀጠለች። ሰባ ገደማ ስትደርስ "በቃ፣ በቃ" አሏት። እሷ ትተካው ተብሎ እጅ ሲወጣ ወንድይራድ መቁጠር ተሳነው፤ ሀምዱ ቆጠረለት።

ያን ቀን የመጨረሻውን ቃለ ጉባኤ ጻፈ። "ምልዓተ ጉባኤው" ብሎ የጀመረው ዐረፍተ ነገር እዚያው ነበር። "ተሟልቷል" ብሎ ጨረሰው፤ ቃሉን መጻፍ ስላልለመደ "ሟ"ን ሁለት ጊዜ ደገማት።

የእውቅናው ወረቀት ክረምቱ እስኪገባ አልመጣም። የሥልጠናው የምስክር ወረቀት ግን መጥቶ ከስፌት መኪናው በላይ ተሰቀለ። ደንበኛ ሲጠይቀው "ማኅበር መምራት ተምሬ" ይላል፤ "በተማርኩ በወሩ ወረድኩ።"

ነሐሴ ላይ ጡሩምባ ተነፋ። ግራ ጉልበቱ ጠዘጠዘው። እግሩን ከፔዳሉ አነሣ፣ እጁን ወደ መደርደሪያው ሰደደ፤ መደርደሪያው ባዶ ነው። ጥቂት ቆሞ አየውና ነጠላውን ብቻ ይዞ ወጣ።

ከቀብር መልስ ድንኳኑ ጋ ሲደርሱ የት እንደሚቆም አላወቀም። ሀምዱ እጁን ይዞ አጠገቡ አቆመው። አግዳሚው ላይ ሱልጣና ወጣች፤ አዲስ መነጽር አድርጋለች፣ አንድ እግሩ በክር ታስሯል። መጥራት ጀመረች። ድምፅዋ ከሱ ቀጭን ነው፣ ግን ይደርሳል። ተራዋ ሲደርስ የራስዋን ስም ከነሙከሚል ቤት ጮክ ብላ ጠርታ፣ ራስዋ "አለሁ" ብላ መለሰች፤ ሰዉ ፈገግ አለ። ወንድይራድ ግን ፈገግ አላለም። እሱ ሃያ አንድ ዓመት ሙሉ የራሱን ስም ጠርቶ አያውቅም። ስሙ ላይ ሲደርስ ዝም ብሎ በብዕር ምልክት አድርጎ ያልፋት ነበር።

ዝናቡ ወረደ። ሱልጣና መዝገቡን በነጠላዋ ሸፈን አድርጋ ገጹን ገለጠች።

"ወንድይራድ ዘለቀ።"

ወንድይራድ የሚጠራው ሌላ ሰው መስሎት መልሱን ይጠብቅ ነበር።

"ወንድይራድ ዘለቀ" አለች እንደገና፣ ከመነጽሩ በላይ ሰዉን እያየች።

"ሞተሃል እንዴ?" አለ ሀምዱ በጆሮው።

"አለሁ" አለ ወንድይራድ።

ድምፁ የራሱ አልመሰለውም። ሱልጣና ምልክት አደረገችና ወደሚቀጥለው ስም አለፈች።